አውጪና ተቀባይ

«ተረት ተረት» ላለ ሰው «የላም በረት» የሚል ከሌለ ተረቱ አይጀመርም። እሳት ዳር ያደገ ሁሉ ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አያት ጥሪውን ታሰማለች፤ ልጆቹ እንቅልፍ ጥሏቸው ዝም ካሉ ጨዋታውን ለነገ ታሳድረዋለች። እንቆቅልሽም «ምን አውቅልህ» ባይ ይፈልጋል፤ መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ሰጥቶ ይገላገላል። በሠርግ ዘፈን አውጪዋ ተቀባይ ካጣች ድምጿ ሜዳ ላይ ይቀራል። አልቃሿም ግጥሟን የምታወርደው ደረቱን የሚመታ ሰው ፊት ለፊቷ ስላለ ነው። ከእኛ ደቡብ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ የስዋሂሊ ተራኪ «ፓኡክዋ» ብሎ ይጣራል፤ ታዳሚው «ፓካዋ» ብሎ ይመልሳል። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ውሉ አንድ ነው፤ ቃል የሁለት ወገን ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እናስብ። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ይናገራል፤ መቶ ሰው አጎንብሶ ይጽፋል። ተቀባይ የለም። መልስ የሚጠየቀው በፈተና ቀን፣ በወረቀት ላይ ነው። ተረትን፣ እንቆቅልሽንና ሙሾን ወደዚህ አዳራሽ ስናስገባቸው ምን ይሆናሉ? በሕይወት ይኖራሉ ወይስ በመጽሐፍ መካከል እንደተቀመጠ አበባ ይደርቃሉ? የአፍሪካን ስነ ጽሑፍ፣ ስነ ቃልና የክዋኔ ጥበባት ያስተማሩ ሰዎች ታሪክ፣ ከነጻነት ማግስት ጀምሮ፣ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። በዚህ ምዕራፍ ጥያቄውን በአንዲት መምህር ሕይወት እንከተለዋለን፤ በኬንያዊቷ ፕሮፌሰር ሚቼሬ ጊታኤ ሙጎ። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም የሌለው ሀብት

ነገሩ የሚጀምረው ከስም ነው። በአማርኛ «ስነ ጽሑፍ» ስንል ቃሉ ራሱ ጽሑፍን ተሸክሞ ይመጣል። የእንግሊዝኛው አቻም ሥሩ «ፊደል» ከሚል የላቲን ቃል የተመዘዘ ነው። ስለዚህ ምሁራን በአፍ የሚኖረውን ጥበብ ለመጥራት ሲሹ «የቃል ስነ ጽሑፍ» ይሉ ነበር፤ በአፍ ያለ ጽሑፍ እንደማለት። ስሙ ከራሱ ጋር ይጣላል። ከዚያም አልፎ ጽሑፉን ባለቤት፣ ቃሉን ጥገኛ ያደርጋል። ያልተጻፈው ጥበብ ገና ለመጻፍ የሚጠባበቅ፣ ግማሽ መንገድ የመጣ ነገር መስሎ ይታያል።

ይህን ያዩት ኡጋንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፒዮ ዚሪሙ «ኦሬቸር» የሚል አዲስ ቃል ፈጠሩ። ቃሉ «አፍ» ከሚለው ሥር ተነስቶ፣ የጽሑፍን ትርጉም ሳይሸከም በራሱ እግር ይቆማል። ዚሪሙ በ1977 ለታላቁ የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ሌጎስ በሄዱበት አረፉ። ቃሉ ግን ከእሳቸው በኋላ ብዙ ተጓዘ፤ ዛሬ በመላው ዓለም የአፍሪካን ጥበብ የሚያስተምሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። በእኛ ቋንቋ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው «ስነ ቃል» የሚለው ስያሜ ነው። ፕሮፌሰር ፈቃደ አዘዘ በ1991 ዓ.ም. ላሳተሙት መማሪያ «የስነ ቃል መምሪያ» የሚል ርዕስ ሲሰጡት ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አልሆነበትም።

ስም መኖሩ ብዙ ነገር ይለውጣል። ስም ያለው ነገር ትምህርት ክፍል ሊኖረው፣ መምህር ሊቀጠርለት፣ ተማሪ ሊመረቅበት ይችላል። የቀረው በር የሚከፍት ሰው ነበር።

የናይሮቢው ማስታወሻ

በሩ የተከፈተው በናይሮቢ ነው። በ1968 ኬንያ ነጻ ከወጣች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የስነ ጽሑፍ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ሥር ሲሆን፣ የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ስለ ወደፊቱ ዕድገት ሐሳብ ለመምህራን ጉባኤ አቀረቡ። ሦስት መምህራን ሐሳቡን አይተው ከመሠረቱ ጀምሮ ጠየቁት። እነሱም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦዎር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን 1968 «የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍልን ስለማጥፋት» የሚል ርዕስ ያለው ማስታወሻ አስገቡ።

ርዕሱ አስደንጋጭ ቢሆንም ክርክሩ የተረጋጋ ነበር። የእንግሊዝ ስነ ጽሑፍ የአፍሪካውያን ባህል ሥር እንደሆነ አድርጎ ማስተማር ከየት መጣ? የአንድ አገር ልጅ ትምህርቱን ከቆመበት ጀምሮ ወደ ውጭ ቢያሰፋ አይሻለውም? መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የካሪቢያንንና የጥቁር አሜሪካን፣ ከዚያም የአውሮፓንና የሌላውን ዓለም ቢማር? በዚህ አሰላለፍ ውስጥ ለስነ ቃል ማዕከላዊ ቦታ ሰጡት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ስነ ቃል ያለቀ፣ ሙዚየም ውስጥ የገባ ነገር አይደለም፤ ዛሬም በየመንደሩ ይወለዳል፤ በልቦለዱም በቴአትሩም ውስጥ ደሙ ይዘዋወራል።

ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ናይሮቢ የራሱ የስነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ነበረው፤ ስነ ቃልም ከሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶዎች አንዱ ሆነ። «የላዊኖ መዝሙር» በተባለው ሥራቸው የሚታወቁት ኡጋንዳዊው ገጣሚና የባህል ተመራማሪ ኦኮት ፒቢቴክም ከመምህራኑ ጋር ተቀላቀሉ። ሚቼሬ ሙጎ በ1973 ወደዚህ ግቢ ሲገቡ ያገኙት ይህን የጋለ ምድጃ ነበር።

ሁለት ትምህርት ቤት

ሚቼሬ በ1942 በኪሪንያጋ፣ ባሪቾ በተባለ ቦታ ተወለዱ። ወላጆቻቸው መምህራን ነበሩ። ያደጉበት ዘመን የኬንያ ሕዝብ ለመሬቱና ለነጻነቱ የተነሳበት፣ የማው ማው ተዋጊዎች በጫካ፣ የቅኝ ገዢው ጦር በመንደር የነበሩበት ጊዜ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ቀድሞ ለነጮች ልጆች ብቻ የነበረው የሊሙሩ የሴቶች ትምህርት ቤት ለአፍሪካውያን ሲከፈት፣ ከገቡት የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዷ ነበሩ። እንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ትምህርት ቤት ይማራል። አንደኛው ደወል ያለው ነው፤ የውጭ አገር ገጣሚ ስንኝ በቃል ያስጠናል። ሁለተኛው ደወል የለውም፤ እናትና አያት ያስተምሩበታል። የመጀመሪያው ስለ ሁለተኛው አንድም ቃል አይናገርም። የብዙ አፍሪካውያን ምሁራን ሕይወት በእነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል የተዘረጋ ድልድይ ነው።

ሚቼሬ በ1966 ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ ካናዳ ውስጥ ከኒው ብራንዝዊክ ዩኒቨርሲቲ በ1973 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ጥናታቸው በቺኑዋ አቼቤ፣ በንጉጊ፣ በማርጋሬት ሎረንስና በኤልስፔት ሃክስሌ ልቦለዶች ላይ ነበር፤ ሁሉም የተጻፉ ናቸው። ወደ ናይሮቢ ከተመለሱ በኋላ ግን የሁለተኛው ትምህርት ቤት ድምፅ በሥራቸው ውስጥ እየጎላ ሄደ። በ1976 የወጣው የመጀመሪያ የግጥም መድብላቸው የእናቶችና የአያቶች ዘፈኖች የት ደረሱ የሚለውን ጥያቄ ይዞ መጣ። በመምህርነታቸውም አደጉ፤ የኪነ ጥበባት ፋኩልቲ ዲን ሆነው በኬንያ ለዚህ ኃላፊነት የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ሙሾን በወረቀት

የስነ ቃል ትምህርት ከሌሎች የሚለየው ተማሪውን ከግቢ ስለሚያወጣው ነው። ተማሪው መቅረጸ ድምፅ ይዞ ወደ መንደር ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ራሱ መንደር ይመለሳል። ከዚያ በፊት ግን ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት።

አንድ ተማሪ የሙሾ ግጥም ሰብስቦ መጣ እንበል። ስንኞቹን በንጹሕ ወረቀት ጽፏል፤ ቤቱ ይመታል፤ ሰምና ወርቁም አለ። ጥሩ መምህር ወረቀቱን አይቶ ይጠይቀዋል። ያለቀሰችው ማን ናት? የሟች ምን ናት? የተባለው አስከሬን ሳይወጣ ነው ወይስ በሠልስቱ? ድምጿን የት ላይ ከፍ አደረገች? ሟች ከጎረቤቱ በመሬት ተጣልቶ ነበር? ጎረቤቱስ ለቅሶ ላይ ነበር? ተማሪው መልሱን ሲያመጣ ግጥሙ ሌላ ይሆናል። የሐዘን ስንኝ መስሎ የነበረው አንዱ መስመር ወቀሳ ሆኖ ይገኛል፤ በሕዝብ ፊት፣ ማንም ሊቆጣ በማይችልበት ሰዓት የተነገረ ወቀሳ። ወረቀቱ ቃሉን ይዟል፤ ክዋኔውን ግን አልያዘም። ክዋኔ ማለት ቃሉ፣ ከዋኙ፣ ታዳሚው፣ ቦታውና ሰዓቱ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ነገር ነው። ከአምስቱ አንዱ ሲጎድል ትርጉሙ ያነክሳል።

ይህን በተግባር ያሳየ አንድ ትልቅ ሥራ ከናይጄሪያ አለ። የኒጀር ዴልታ የኢጆ ሕዝብ ስለ ኦዚዲ የሚተርከው ረጅም ታሪክ አለው፤ ተተርኮና ተከውኖ ሰባት ሌሊት ይፈጃል። ገጣሚውና የቴአትር ጸሐፊው ጆን ፔፐር ክላርክ በ1963 ኢባዳን ከተማ ውስጥ ኦካቡ ኦጆቦሎ የተባሉ ተራኪ ሲተርኩ ቀረጹ። ታዳሚዎቹ ከአገራቸው ርቀው በከተማ የሚኖሩ ኢጆዎች ነበሩ። መጽሐፉ የታተመው በ1977 ነው፤ ከቅጂው እስከ ኅትመቱ 14 ዓመት። ክላርክ ያደረጉት ትልቁ ነገር የኢጆውን ቃል ከእንግሊዝኛው ትርጉም ትይዩ ማቆማቸው ብቻ አልነበረም። የታዳሚውንም ድምፅ አስቀሩት። የሚያደንቀው፣ የሚጠይቀው፣ የሚያርመው፣ የሚስቀው ሁሉ በመጽሐፉ ገጾች ላይ አለ። አንባቢው ታሪኩ ከሁለት ወገን ሲሠራ ያያል፤ ተራኪው ጥያቄ ሲነሳበት ሲመልስ፣ ሲሞገስ ሲበረታ ያገኘዋል።

የዚህ ሥራ ዋጋ የሚገባን በጊዜው የነበረውን ክርክር ስናስታውስ ነው። ሩት ፊነገን በ1970 ያሳተሙት ስለ አፍሪካ ስነ ቃል የተጻፈ ሰፊ መጽሐፍ ለዘርፉ መሠረት ቢጥልም፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ታላቅ የጀግና ተረክ እምብዛም አይገኝም የሚል አስተያየት ነበረበት። ናይጄሪያዊው ኢሲዶር ኦክፔውሆ በ1979 ሙሉ መጽሐፍ ጽፈው ተከራከሩ፤ የማሊውን ሱንዲያታን፣ የኮንጎውን ምዊንዶንና ሌሎችንም ማስረጃ አድርገው አቀረቡ። ተረኩ ነበር፤ የተሰወረው በመጽሐፍ መልክ ከሚጠብቅ ዓይን ነው። ጆሮ ላለው ሌሊቱን ሙሉ ሲነገር ኖሯል።

ተቀባዩ ሲነሳ

ሚቼሬ ሙጎና ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በጋራ የጻፉት «የደዳን ኪማቲ የፍርድ ሂደት» የተባለው ቴአትር የተነሳውም ከመስክ ነው። ደዳን ኪማቲ የማው ማው መሪ ነበር፤ በ1956 ተይዞ በየካቲት 1957 ተሰቀለ። የቅኝ ገዢው መዝገብ ወንበዴ ይለዋል። ሁለቱ ጸሐፍት ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ካሩናይኒ ሄደው በልጅነቱም በትግሉም የሚያውቁትን ሰዎች አነጋገሩ። ከመዝገቡ የተለየ ሰው አገኙ። ቴአትሩ በ1976 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት በኬንያ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ታየ፤ በ1977 ደግሞ ኬንያን ወክሎ ዚሪሙ ወደሄዱበት የሌጎስ ፌስቲቫል ሄደ። ናይሮቢ ላይ በታየበት ምሽት ተመልካቹ የመጨረሻውን ዘፈን ከተዋንያኑ ጋር እያዜመ ወደ ጎዳና መውጣቱን ንጉጊ ጽፈዋል። የተገዛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማጨብጨብ የለመደ አዳራሽ በአንድ ሌሊት ተቀባይ ሆነ።

ሆኖም ቴአትሩ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር። ኪማቲን የሚያውቁት የካሩናይኒ ሽማግሌዎች ስለ ልጃቸው የተጻፈውን ለመስማት አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። ቀጣዩ እርምጃ በ1977 በካሚሪቱ መንደር መጣ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በመንደሩ ቋንቋ፣ በጊኩዩ፣ የጻፉትን ቴአትር የመንደሩ ሰዎች ሊሠሩት ተነሱ። ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች 2,000 ያህል ሰው የሚይዝ ጣሪያ የሌለው መድረክ በገዛ እጃቸው ገነቡ። ልምምዱ ለሁሉም ክፍት ነበር። መንደርተኛው እየመጣ ያዳምጣል፤ ያርማል። ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፤ ይህ ዘፈን በዚህ ሥርዓት ላይ አይዘፈንም ይላል። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች የዩኒቨርሲቲ መምህርን ጽሑፍ አቀኑ።

ቴአትሩ በጥቅምት 1977 መታየት ጀመረ፤ በኅዳር ፈቃዱ ተነጠቀ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዓመቱ መጨረሻ ታሰሩ። አንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ከቆዩ በኋላ ተፈቱ፤ በእስር ቤት ውስጥም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልቦለድ ጻፉ። በመጋቢት 1982 መድረኩ ራሱ ፈረሰ። መንግሥት ቴአትርን ሲፈራ ብዙዎች የሚፈራው ቃሉን ይመስላቸዋል። እኔ እንደማምነው የተፈራው ተቀባዩ ነው። እንግሊዝኛ ለገባው ጥቂት ሰው የተጻፈ መጽሐፍ በመደርደሪያ ሊቀመጥ ይችላል፤ የራሱን ታሪክ እያረመ፣ እያዜመ የሚነሳ መንደር ግን ሌላ ኃይል ነው።

በባዕድ አገር ማስተማር

በነሐሴ 1982 በኬንያ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከሸፈ፤ ዩኒቨርሲቲው ላይ ከባድ ጫና ወረደ። ሚቼሬ ሙጎም ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰደዱ። ዜግነታቸውን ተነጠቁ። በዚምባብዌ ለዓመታት አስተማሩ፤ በኋላም በ1993 በአሜሪካ ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት ክፍል ገብተው በ2015 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠሩ።

ስደት ለልቦለድ መምህር ከባድ ነው፤ ለስነ ቃል መምህር ግን ይብሳል። ልቦለዱ በሻንጣ ይገባል። አልቃሿ፣ ምሽቱ፣ ምድጃው፣ የመንደሩ ጆሮ በሻንጣ አይገቡም። ታዲያ በረዶ በሚወርድበት ከተማ፣ ጊኩዩም ስዋሂሊም ለማያውቁ ወጣቶች ስነ ቃል እንዴት ይነገራል?

ሚቼሬ የሰጡት መልስ ንግግራቸውን በሰሙ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። መድረክ ላይ ሲወጡ አዳራሹን ይጠሩታል፤ የሚመልስበትን ቃል ያስተምሩታል፤ ግጥማቸውን ብቻቸውን አያነቡም፤ አዝማቹን ለታዳሚው ይሰጣሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው አዳራሹ ሲመልስ ነው። ማስታወሻ ሊጽፍ የመጣው ተማሪ አፉን መክፈት ይኖርበታል፤ አፉን ሲከፍት ደግሞ ስነ ቃል ምን እንደሆነ ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ ይገባዋል። ምድጃውን ይዞ መሰደድ ባይቻልም ውሉን ይዞ መሰደድ ይቻላል።

በ1991 ስለ አፍሪካ ስነ ቃልና ስለ ሰብዓዊ መብት ባሳተሙት ሥራ ይህን ውል በሽንኩርት መስለው አስረድተዋል። ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ላይ ተደርቦ የተሠራ ነው። ሰው በቤተሰቡ፣ ቤተሰቡ በማኅበረሰቡ፣ ማኅበረሰቡ በሰፊው ዓለም ተከቧል፤ እያንዳንዱ ልጣጭ ከቀጣዩ ጋር ይነካካል፤ ለብቻው ተልጦ ሙሉ የሚሆን የለም። ለእሳቸው ስነ ቃል የዚህ መነካካት መገለጫ ነው። በዚህም ምክንያት ስነ ቃልን ከሰብዓዊ ክብር ለይተው አላስተማሩም። የሰውን ዘፈን የሚያደንቅ፣ ዘፋኙ ሲበደል ግን ዝም የሚል ምሁር፣ በሽንኩርቱ ውስጥ የለም፤ ከውጭ ሆኖ ይልጠዋል እንጂ። ሚቼሬ ሙጎ በሰኔ 2023 መጨረሻ በ80 ዓመታቸው አረፉ።

ተረቴን መልሱ

ይህ ጥያቄ ለእኛም ቅርብ ነው። ፕሮፌሰር ፈቃደ አዘዘ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረሃብ የገጠሙትን ሰብስበው በ1998 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ «ያልተሰሙ ድምፆች» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ሰጡ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለዓለም የደረሰው በውጭ ጋዜጠኞች ካሜራና በውጭ ዘፋኞች ድምፅ ነበር። የተራበው ሰው ግን ስለ ራሱ ረሃብ ይገጥም ነበር፤ ከፈጣሪው ጋር ሙግት ይዞ ነበር። አልሰማ ያለው ሌላው ነው። አንድ የስነ ቃል መምህር ለአገሩ ከሚሠራው ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ ሕዝብ ሲናገር ተቀባይ ሆኖ መገኘት።

ግን መቀበል ብቻውን አይበቃም። ተራኪው ተረቱን ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። የነገርኳችሁ የእኔ ነው፤ ተራውን ደግሞ እናንተ ንገሩኝ፣ የደከመውን አፌንም አትርሱ ማለቱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዚህ በኩል ዕዳ አለባቸው። በየዓመቱ ተማሪዎች ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ የሽማግሌውን ፉከራ፣ የባልቴቷን ሙሾ፣ የእረኛውን እንጉርጉሮ ቀርጸው ይመለሳሉ። ቅጂው ጥናት ይሆናል፤ ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ባልቴቷ ግን ድምጿ የት እንደደረሰ አታውቅም።

ዕዳው የሚከፈልበት መንገድ ሩቅ አይደለም። ተማሪው ጥናቱን ከማስረከቡ በፊት ወደዚያች ባልቴት ይመለስ። አጠገቧ ተቀምጦ የጻፈውን ያንብብላት፤ ድምጿንም መልሶ ያሰማት። አንዱን ስንኝ ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች፤ «እሱ እንዲህ አይደለም የሚባለው፣ ልጄ» ትለዋለች። ያን ጊዜ ብዕሩን አውጥቶ ያርም። እርማቷን በኅዳጉ ላይ፣ ከነስሟ፣ ፈቃዷን ጠይቆ ይጻፈው። መምህሩም ወረቀቱን ሲመረምር መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ኅዳግ ይሁን።